መላምታችሁ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ከመላምት የሚፈተን ትንበያ ማውጣት

የፕሮፖዛል ሰሞን ሲደርስ ጅማ ላይ መላምት የሌለው ተማሪ አይገኝም። አንዱ "ጥላ ለቡና ችግኝ ይጠቅማል" ይላል። ሌላዋ "ኮምፖስት ምርት ይጨምራል" ትላለች። ሦስተኛው ስለ ዝናብና ስለ ወባ ይጽፋል። ጣጣው የሚመጣው አማካሪው "እሺ፣ ሐሳብህ ልክ ባይሆን በምን ታውቃለህ?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙው ሰው ዝም ይላል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ መልስ እንድታዘጋጁ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም፣ የመመረቂያ ሥራ ለሚጽፍም ይሆናል። ዋናውን ምሳሌ ከቡና ችግኝ ጣቢያ ወስጃለሁ። ዘሩ እጃችን ላይ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ትምህርት አለው።

መላምትና ትንበያ አንድ አይደሉም

መላምት አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን የምትሰጡት ማብራሪያ ነው። ትንበያ ደግሞ ያ ማብራሪያ እውነት ከሆነ ገና ባላያችሁት ቦታ ምን እንደምታገኙ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። መላምቱን በቀጥታ መፈተን አይቻልም። የሚፈተነው ከእሱ የወጣው ትንበያ ነው።

ትንበያ ሲባል ግን ዝም ብሎ መገመት አይደለም። ቡና ተጠጥቶ ሲያልቅ ሲኒ የሚያነቡ እናቶች "መንገድ ይታየኛል፣ እንግዳም አለ" ይላሉ። መቼ? ከየት? ማን? አይባልም። ሳምንቱን ሙሉ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና ንባቡ ሁልጊዜ ይሠምራል። "ኮምፖስት ምርት ሊጨምር ይችላል" የሚለውም ያው ነው። ቢጨምርም ልክ ነው፣ ባይጨምርም ልክ ነው። በምንም ውጤት የማይሸነፍ ትንበያ ምንም አልነገረንም።

መጀመሪያ፣ መላምታችሁ ውስጥ "ምክንያቱም" ይኑር

የቡና ዘር የሚያፈሉ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አለ። ገለባው፣ ማለትም ፍሬውን የሸፈነው ደረቅ ቅርፊት፣ የተፈለፈለለት ዘር ገለባውን እንደለበሰ ከተዘራው ቀድሞ ብቅ ይላል። ቡና በተፈጥሮው ለመብቀል አይቸኩልም። እንደ ሙቀቱ አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ሳምንት መቅደም ለችግኝ አፍይ ትልቅ ነገር ነው።

"ገለባ ማብቀልን ያዘገያል" ብላችሁ ብትጽፉ የታየውን ደገማችሁት እንጂ መላምት አላቀረባችሁም። "ምክንያቱም" ጨምሩበት። "ገለባ ማብቀልን ያዘገያል፤ ምክንያቱም ውሃ ወደ ፍሬው ቶሎ እንዳይገባ ይከለክላል።" አሁን ሥራ ተጀመረ። አንድ አሠራር ጠቅሳችኋል፤ አሠራር ደግሞ ዱካ ይተዋል። ትንበያ ማለት ያንን ዱካ የት እንደምናገኘው አስቀድሞ መናገር ነው።

ቀጥሎ፣ ተቀናቃኝ ማብራሪያዎችን ጥሯቸው

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው እሱን ነው። ያያችሁትን ነገር ሊያብራራ የሚችል ሌላ ምን አለ? ለገለባው ቢያንስ ሁለት ሌላ ማብራሪያ አለ።

የመጀመሪያው የእናንተው ነው፦ ገለባው ውሃ ያዘገያል። ሁለተኛው፦ ውሃው በደንብ ይገባል፣ ግን ገለባው ጠንካራ ስለሆነ ሽሉ፣ ማለትም ፍሬው ውስጥ ያለው ትንሹ ተክል፣ ገፍቶ ለመውጣት ይቸገራል። ሦስተኛው፦ ገለባው ውስጥ ማብቀልን የሚያፍን ንጥረ ነገር አለ፤ ሲረጥብ ወደ ፍሬው ይሰርጋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አብዛኛው ተማሪ የሚሠራው ሙከራ አንድ መደብ ባለ ገለባ፣ አንድ መደብ የተፈለፈለ ዘርቶ መጠበቅ ነው። የተፈለፈለው ቀደመ። "መላምቴ ተረጋገጠ" ተብሎ ይጻፋል። ግን ሦስቱም ማብራሪያዎች የሚተነብዩት ይህንኑ ነው! ሙከራው ሁለት ወር ፈጀ፣ ከሦስቱ አንዱንም ከሌላው አልለየም።

ይህ አስተሳሰብ ከጅማ ታሪክም ጋር ይገናኛል። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 ታወቀ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው። በሽታው በገባበት ማሳ መካከል ግን ፍሬያቸው ንጹሕ የሆነ ዛፎች ይታዩ ነበር። ለምን? አንዱ ማብራሪያ ዛፉ በዘሩ በሽታውን ይቋቋማል የሚል ነው። ሌላው ዕድል ነው፤ ፈንገሱ ያን ዛፍ አላገኘውም፣ ወይም የቆመበት ቦታ አልተመቸውም። ዛፉን እዚያው ቆሞ እያዩ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ይህ ትንበያ ነው፦ መቋቋሙ በዘር ከሆነ፣ የዛፉ ልጆች ሌላ ቦታ ተተክለው ፈንገሱ ሆን ተብሎ ቢረጭባቸው እንኳ ጤነኛ ይሆናሉ። ዕድል ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም ችግኝ ይታመማሉ። ፈንገሱን ለጋ ችግኝ ግንድ ላይ ረጭቶ መፈተሽ የምርጫው አንድ መንገድ ሆነ። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110፣ 74112፣ 75227 የሚባሉ ዝርያዎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። የቁጥሩ መጀመሪያ ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን ወይም 1975ን ያመለክታል። ዛሬ እነዚህን ቁጥሮች ገበሬው በቃሉ ይጠራቸዋል።

አሁን "እውነት ከሆነ ሌላ ምን ይሆናል?" በሉ

ወደ ገለባችን እንመለስ። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ቁጭ ብላችሁ ይህን ጥያቄ ጠይቁ። መልሱ አንድ ብቻ አይሁን። የምትፈልጉት ማብራሪያዎቹ የሚጣሉበትን ቦታ ነው።

ሦስቱን ለማጣላት አራት ዓይነት ዘር ይበቃል። አንዱ ባለ ገለባ። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ የተፈለፈለ። ሦስተኛው ገለባው የተሰነጠቀ፣ ግን ስንጥቁ ሽሉ ካለበት ጫፍ በተቃራኒው በኩል የሆነ። የቡና ሽል በፍሬው አንድ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጥቂት ዘር ነክራችሁ በምላጭ ብትሰነጥቁ ታዩታላችሁ። አራተኛው የተፈለፈለ ሆኖ፣ የተፈጨ ገለባ ያደረበት ውሃ የሚጠጣ።

አሁን ትንበያዎቹ ይለያያሉ። ችግሩ ውሃ ከሆነ የተሰነጠቀው ከተፈለፈለው ጋር እኩል ሊባል በሚችል ፍጥነት ይበቅላል፤ በስንጥቁ ውሃ ገብቷልና። ችግሩ የገለባው ጥንካሬ ከሆነ ስንጥቁ አይጠቅምም። ሽሉ የሚገፋበት ግድግዳ እንዳለ ነው፣ ስለዚህ የተሰነጠቀው ልክ እንደ ባለ ገለባው ይዘገያል። ችግሩ አፋኝ ንጥረ ነገር ከሆነ ደግሞ የገለባ ውሃ የጠጣው፣ ምንም ገለባ ሳይኖርበት፣ ይዘገያል። ሁለቱ ሌሎች ማብራሪያዎች ይህን አይጠብቁም።

ሁለት ወር ሳትጠብቁ የምታዩት አንድ ተጨማሪ ትንበያም አለ። ውሃ ከሆነ ምክንያቱ፣ ለአንድ ቀን የተነከረ ባለ ገለባ ፍሬ ከተፈለፈለው ያነሰ ውሃ መጥጦ መገኘት አለበት። ጥንካሬ ከሆነ ሁለቱ እኩል ይመጥጣሉ። አንድ ሚዛን በአንድ ቀን ይፈርዳል። ግን ገለባው ራሱ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ከነከራችሁ በኋላ ፈልፍላችሁ፣ ላዩን በጨርቅ አድርቃችሁ ፍሬውን ብቻ መዝኑ። አንድ ፍሬ በጣም ቀላል ስለሆነም 50 50 አድርጋችሁ መዝኑና አካፍሉ። ዘሩም ከአንድ ከረጢት፣ በደንብ ተቀላቅሎ የወጣ ይሁን።

ርካሹን ትንበያ አስቀድሙ። ሚዛኑ ላይ የወደቀ ሐሳብ መደብ ላይ ሁለት ወር አይገባውም።

ቃሉን ወደሚቆጠር ነገር ለውጡ

"ቶሎ ይበቅላል" ማለት ምን ማለት ነው? ሥር አወጣ? ከአሸዋው ብቅ አለ? ቅጠል ዘረጋ? በእነዚህ መካከል ሳምንታት አሉ። አንዱን መርጣችሁ ጻፉ።

ቡና ሲበቅል መጀመሪያ የሚታየው የታጠፈ ግንድ ነው፤ አሸዋውን ሰንጥቆ እንደ ቀለበት ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ቀጥ ሲል ፍሬውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ይቆማል። ባለ ገለባ የተዘራው ገለባውን ጭምር ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ይህች ትንሽ ነገር ዋጋ አላት። ቆጣሪው ሰው የትኛው መደብ ምን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ የሚጠብቀውን ውጤት ሳያስበው እንዳያዳላ። ገለባው አናቱ ላይ ከታየ ግን ምስጢሩ ወጣ። ስለዚህ "በቀለ" የሚባለው ግንዱ ጎንበስ ብሎ ከአሸዋው ሲታይ ነው ብላችሁ ወስኑ፤ ያኔ ፍሬው ገና ከአሸዋው በታች ነው። በየሁለት ቀኑ፣ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ቁጠሩ።

ፍጥነትንና ብዛትንም አታደባልቁ። ሲፈለፈል የተጎዳ ዘር ይበሰብሳል። ስለዚህ የተፈለፈለው ቀድሞ ሊበቅል፣ ግን በጠቅላላ ቁጥር ሊያንስ ይችላል። ለፍጥነት "ከበቀሉት ግማሹ ብቅ ያለበት ቀን" ብላችሁ ለዩት፤ ብዛቱን ለብቻው መዝግቡ።

የሚያሸንፈውንና የሚጥለውን ቁጥር ቀድማችሁ ወስኑ

ስድስት መደብ አለን እንበል። በእያንዳንዱ ውስጥ አራቱም ዓይነት ዘር አሉ፤ ቦታቸው በዕጣ ተመድቧል። ዕጣው የግድ ነው። አንዱ ጠርዝ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሌላው ጥላ ይውልበታል። ሁሌም የተፈለፈለውን ቀኝ ብታደርጉት ያሸነፈው ፀሐይ ይሁን ፍልፈላ አይታወቅም።

በተሰነጠቀውና በባለ ገለባው መካከል ልዩነት ባይኖር፣ በአንድ መደብ የተሰነጠቀው የመቅደሙ ዕድል ግማሽ ነው። በስድስቱም የመቅደሙ ዕድል ግማሽ ሲባዛ ስድስት ጊዜ፣ ማለትም ከ64 አንድ ነው፤ 1.6 በመቶ ገደማ። ከስድስቱ አምስትና ከዚያ በላይ የመቅደሙ ዕድል ግን ከ64 ሰባት ነው፤ 11 በመቶ። ይህ በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

"መላምቴ ልክ ከሆነ የተሰነጠቀው ዘር በስድስቱም መደብ ከባለ ገለባው ቢያንስ በ7 ቀን ይቀድማል። በሁለትና ከዚያ በላይ መደብ ካልቀደመ መላምቴን ጥያለሁ። በመካከል ከሆነ ውሳኔ የለኝም፣ ሙከራው ይደገማል።"

ሰባት ቀን ያልኩት ለምሳሌ ነው። የእናንተን ቁጥር ከችግኝ አፍዮች ጠይቃችሁ፣ ካለፈ ልምድ አውጡ። ቁም ነገሩ ቀን ጽፋችሁበት፣ ዘሩ አፈር ሳይነካ ለአማካሪያችሁ መስጠታችሁ ነው። ውጤት ካዩ በኋላ የሚጻፍ ትንበያ ውሃ አያነሳም።

ከትንበያው ጀርባ የተደበቁትን ግምቶች አውጡ

ትንበያ ከመላምቱ ብቻ አይወጣም፤ ሌሎች ነገሮችም ልክ ናቸው ብለን ነው። ዘሩ ሕያው ነው ብለናል። አሸዋው ለሁሉም እኩል ይረጥባል ብለናል። ስንጥቁ ሽሉን አልጎዳም ብለናል። እያንዳንዱን ጻፉና መፈተሻ ፈልጉለት። ለሕይወቱ፣ ከዚያው ከረጢት የተወሰነ ዘር ፈልፍላችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉ። ለስንጥቁ፣ የተሰነጠቀው በጠቅላላ የበቀለበት ቁጥር ከባለ ገለባው በጣም ካነሰ ጉዳት አለ ማለት ነው። ይህን ካላደረጋችሁ ትንበያው ሲወድቅ "አሸዋው ደርቆ ነው" የሚል ማምለጫ ሁሌም ክፍት ነው።

ሙከራ ማድረግ በማይቻልበት ጊዜ

ሰውን ለሙከራ በወባ አናስይዝም። ዝናብንም አናዝም። ግን ትንበያ ማውጣት ይቻላል፤ ያውም ቁጥር ያለው።

"ወባ ክረምቱን ተከትሎ የሚበዛው ለምንድን ነው?" ሰው ብርድና እርጥበት ስለሚመታው ነው የሚል አለ። ሌላው፣ ዝናቡ ያቆረው ውሃ ትንኝ ስለሚያረባ ነው ይላል። ሁለቱም "ከዝናብ ጋር ወባ ይበዛል" ይላሉ። የሚጣሉት ጊዜው ላይ ነው። ብርድ ከሆነ ሕመምተኛው በዝናቡ ሳምንት ይመጣል። ትንኝ ከሆነ ግን መንገዱ ረጅም ነው። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ገደማ። ጥገኛ ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ እስኪበስል ሌላ ጊዜ። ሰው ከተነከሰ በኋላ እስኪታመም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ቀን፤ ይህ ፋልሲፓረም ለሚባለው ዓይነት ነው።

ለመሃለኛው የወባ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። 111ን፣ አማካይ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በበለጠበት ቁጥር አካፍሉ። ሙቀቱ 25 ከሆነ 111 ለ9፣ ወደ 12 ቀን። ሙቀቱ 20 ከሆነ 111 ለ4፣ ወደ 28 ቀን። 16 ላይ ከደረሰ ጨርሶ አይበስልም።

ደምሩት። በ25 ዲግሪ ዝናቡ ከጀመረ ከ28 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ቁጥሩ መነሳት ይጀምራል። በ20 ዲግሪ ከስድስት ሳምንት በላይ ይዘገያል፤ ቅዝቃዜው የትንኟንም እድገት ስለሚያዘገይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከዚህ ሌላ ትንበያ ወጣ፦ ወደ ጊቤ በረሃ ዝቅ ባለ ሞቃት ቀበሌ መነሻው ይቀድማል፣ ወደ ደዶ ደጋ ከፍ ባለው ይዘገያል፣ ወይም ከነጭራሹ አይታይም። "ብርድ ነው" የሚለው ሐሳብ ተቃራኒውን ነው የሚጠብቀው፤ ደጋው ይበልጥ ይበርዳልና። ከአንድ አሠራር ይህን ያህል ዝርዝር መውጣቱ ሁሌም ይደንቀኛል።

መፈተሻው የጤና ጣቢያ ሳምንታዊ መዝገብና የዝናብ መዝገብ ነው። ፈቃድና የሥነ ምግባር ይሁንታ አስቀድሙ። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን ሰው የመጣበት እንጂ የታመመበት አይደለም። ከባድ ዝናብ ኩሬውን አጥቦ የትንኙን እጭ ሊወስደው ይችላል፣ ይህም ከተደበቁት ግምቶች አንዱ ነው። የደጋው መዝገብ ላይ ደግሞ ቆላ ደርሶ የመጣ መንገደኛ ሊኖር ይችላል። ሌላው ትልቅ ነገር፣ መዝገቡን ዓይታችሁ ትንበያ አትጻፉ። ዓመታቱን ለሁለት ክፈሉ። በአንደኛው ሐሳባችሁን አስተካክሉ። ሁለተኛውን ትንበያው ተጽፎ እስኪያልቅ አትክፈቱት።

ውጤቱ ሲመጣ

ትንበያው ከሠመረ "መላምቱ ተረጋገጠ" አትበሉ። "ይህን ፈተና አልፏል፣ እነዚህን ተቀናቃኞች አስወጥቷል" በሉ። ከወደቀ መጀመሪያ የተደበቁትን ግምቶች መርምሩ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ መላምቱን ልቀቁት። "በዚህ አፈር፣ በዚህ ወር ብቻ አይሠራም" እያሉ መጠጋገን ይቀናል። ጥገና የሚፈቀደው አዲስ የሚፈተን ትንበያ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።

የተሰነጠቀው ዘር መሃል ላይ ቢወድቅስ? ከባለ ገለባው ቀደመ፣ የተፈለፈለውን ግን አልደረሰበትም እንበል። "ውሃም ጥንካሬም አብረው ነው" ማለት ይቻላል፤ ግን ያው ዕዳ አለበት። ለምሳሌ፦ ባለ ገለባ ዘር ፍሬው እንደተፈለፈለው ያህል ውሃ እስኪጠግብ ተነክሮ ቢዘራ፣ መዘግየቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከጠፋ ጥንካሬው ድርሻ የለውም። ካልቀነሰ ውሃው ድርሻ የለውም። ይህን ለመፈተን ትኩስ ዘር ያስፈልጋል፤ የቡና ዘር ወራት ሲቀመጥ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል። ትንበያውን ዛሬ ጻፉት፣ ዘሩን ግን በሚቀጥለው ለቀማ ከቀይ እሸት ቡና አዘጋጁ።